መምህር አሳምነው ያልመታት ተማሪ

መምህር አሳምነው አባተን በደንብ አውቀዋለሁ ማለት አልችልም። እዚህ መካነ ሰላም ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁት ብዙ ናቸው። አብረውት ያስተማሩ አሉ፣ አብረውት የታሰሩ አሉ፣ በአርጩሜው መዳፋቸው ያበጠም አሉ። እኔ የማውቀው በመስኮት ነው። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ያለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ በመንገዱ በኩል አንድ መስኮት አለው። እሱ ወረቀት ሲያስጽፍ በዚያ ያቀብለኛል፣ በዚያ ይቀበለኛል፤ ግባ ቢሉት አይገባም። ስለዚህ እዚህ ካሰፈርኩት ግማሹ ያየሁት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከተማሪዎቹ፣ ከቤት አከራዩና ከሽማግሌዎች የሰማሁት ነው። ከራሱ አፍ የወጣው በጣም ጥቂት ነው።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያዳምጥ አንገቱን ዘንበል የሚያደርግ ሰው ነው። በከተማው ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተምር በነበረበት ጊዜ በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ በነጠላ ሰረዝና በወይራ አርጩሜ።

እኔና እሱ መጀመሪያ የተነጋገርነው በነጠላ ሰረዝ ነው። የጻፍኩለትን የፈተና ወረቀት መስኮቱ ላይ ዘርግቶ ሲያይ ቆየና፣

«ቢያድግልኝ፣ ይቺን ሰረዝ ከኤንድ ኋላ ያስቀመጣት ማነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ መሰለኝ።»

«ለምን?»

«ሳነበው እዚያ ጋ ትንፋሽ አጠረኝ።»

«ተማሪዬ ብትሆን መዳፍህ ያስታውስህ ነበር። ትንፋሽህን ተወው።»

ከዚያ እዚያው ቆሞ አስረዳኝ። በእኛ ቋንቋ ኤንድን የምትተካው «ና» የፊተኛውን ቃል ጅራት ይዛ ነው የምትኖረው፤ በላና፣ ጠጣና እንላለን። ስለዚህ የእኛ ልጆች እንግሊዝኛ ሲጽፉ ሰረዟን ከኤንድ ኋላ ይጥሏታል። የእነሱ ኤንድ ግን የኋለኛው ወገን ናት፤ ሰረዝ ካስፈለገ ከፊቷ ነው የሚገባው። «ካስፈለገ» የሚለውን ጠበቅ አደረገው፤ ሁልጊዜ አያስፈልግምና።

«ገበሬው ዝናቡን አየና በሬዎቹን ፈታ» አለኝ። «እኛ 'ፈታ' ስንል ማን እንደፈታ ግሱ ራሱ በሆዱ ይዞታል። ስለዚህ ለእኛ ልጅ እያንዳንዱ ግስ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመስለዋል፤ በየኤንዱ ሰረዝ ይዘራል። በእንግሊዝኛ ግን ባለቤቱ ወጥቶ ካልቆመ ዓረፍተ ነገር የለም።» ወረቀቱን ወሰደና ከኤንድ በፊት ያለውን በመዳፉ ሸፈነው። «አሁን የቀረው ብቻውን ይቆማል? ከቆመ ሰረዝ አድርግ። የፊተኛውን ተደግፎ ካልሆነ የማይቆም ከሆነ አታድርግ። አለቀ።»

እኔም አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ እንዲህ አድርጎ ግን የነገረኝ አልነበረም። ዛሬም ስጽፍ ሳላስበው መዳፌን ወረቀት ላይ አሳርፋለሁ።

ደግ መምህር ነበር ብዬ ግን አልዋሽም። ከኤንድ ኋላ ለተጣለች ለእያንዳንዷ ሰረዝ መዳፍ ላይ አንድ ያሳርፍ ነበር። ቀስ ብሎ አይደለም። አንድ ልጅ እጁን ሲያሸሽ አርጩሜው ጥፍሩን አግኝቶት ጥፍሩ ተገንጥሎ ወደቀ። አባቱ ከገበያ ቀጥታ መጥቶ በቢሮ በር ላይ አንገቱን ሲያንቀው መምህራን ናቸው ያላቀቁት። ርእሰ መምህሩ በቃልም በጽሑፍም አስጠንቅቀውታል። አርጩሜውን ለሳምንት ያህል ቤት ያሳድረውና መልሶ ይዞት ይመጣል። ይህን ሁሉ ሲሰማ «ያው ነው፣ የወንድሙን ነገር ነው በልጆች ላይ የሚወጣው» የሚል ሰው በከተማው አይጠፋም ነበር።

የወንድሙ ነገር እንዲህ ነው።

ሚሊዮን አባተ የአሳምነው ታላቅ ነበር፤ በወግዲ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ቀበሌ የአባታቸውን መሬት ያርስ ነበር። አጎራባቹ ባህሩ ይባላል። ሁለቱ ከአንድ ቦይ በተራ ያጠጣሉ። አንድ ጠዋት ተራው የሚሊዮን ሆኖ ሳለ ባህሩ ቦዩን ወደ ራሱ ሽንኩርት ጠልፎት ተገኘ። ሚሊዮን በጓል ደፈነው። ባህሩ መልሶ ከፈተው። ሁለቱም አካፋ ይዘዋል። አንዱ ስለ ሌላው እናት አንድ ነገር ተናገረ፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ባህሩ በአካፋው ስለት አንገቱ ሥር አገኘው፤ ሲወድቅም ደገመው። ሚሊዮን በግንባሩ ቦዩ ውስጥ ተደፋ። ሬሳው ውሃውን ገደበውና ውሃው ዞሮ የሚሊዮንን ማሳ አጠጣ። ሰው ሲደርስ የገብሱ መደብ ቀይ ጭቃ ሆኖ ነበር ይላሉ።

አሳምነው ያን ጊዜ ደሴ ኮሌጅ ነበር። ባህሩ ተይዞ ተፈረደበትና እዚያው ደሴ ታሰረ። ሚስቱም ሕፃኗን ልጃቸውን ይዛ አቀስታ፣ እናቷ ዘንድ ሸሸች።

በእኛ አገር ግን እስር ደም አያደርቅም። ደም የሚደርቀው ባለደም ሲገድል ነው፤ አለዚያም አበጋር የምንላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች መሐል ገብተው ሁለቱን ቤት ሲያስታርቁ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለቱ ቤተሰቦች ከአንድ ምንጭ አይቀዱም፣ አንድ ድግስ ላይ አይቀመጡም። ከሁሉ በላይ ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም፤ እሳትም ቢሆን፣ ጨውም ቢሆን። የተቀበለ ደሙን ሸጠ ይባላል። መምታትም እንደዚያው ነው፤ ደመኛህን ከነካኸው እስከ መጨረሻው ነው እንጂ መትተህ አትለቅም።

እናታቸው እማማ ይርገዱ የሚሊዮንን በደም የደረቀ እጀ ጠባብ አላጠቡትም። በሳጥን አኖሩት። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር እጀ ጠባቡን አውጥተው ፊታቸው ይዘረጉታል፤ ሽማግሌውም ተነሥቶ ይሄዳል። ዓይናቸው ሁሉ አሳምነው ላይ ነበር፤ የቀራቸው ወንድ ልጅ እሱ ነውና። እሱ ግን እገድላለሁም አላለ፣ እታረቃለሁም አላለ። ኮሌጁን ጨርሶ መካነ ሰላም ተመደበና ነጠላ ሰረዝ ማስተማር ያዘ።

አንድ የአጎት ልጅ ሠርግ ላይ፣ እሱ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ አልታየች የምትባል ግጥም አዋቂ ከበሮውን አስቁማ እንዲህ አለችው፤

ወንድሙ ወደቀ ከመስኖው ዳር ደምቶ፣
እሱ ደም ሊመልስ ገዛ እስክሪብቶ።

ዳሱ ሙሉ ሳቀ። እሱ የያዘውን ጎርሶ ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ ወጣ አሉ። ግጥሟ ግን ከሠርገኛው ቀድማ ከተማ ገባች። ልጆች በጎዳና ሲዘፍኗት እኔም ሰምቻለሁ፤ ስለ ማን እንደሆነች ግን ብዙዎቹ አያውቁም ነበር።

እንዲህ እያለ ብዙ ዓመት አለፈ። አንድ መስከረም አዲስ የመጡትን ተማሪዎች ስም ሲጠራ «ሀይማኖት ባህሩ» የሚል ላይ ደረሰና ቆመ።

«የየት አገር ልጅ ነሽ?»

«ያደግሁት አቀስታ ነው ቲቸር፣ አያቴ ዘንድ። አሁን አክስቴ ቤት ነኝ። አባቴ ግን የዚህ አገር ሰው ነው፤ በወግዲ መንገድ።»

«አባትሽ አለ?»

«ደሴ ነው።»

በእኛ በኩል አንድ ልጅ ስለ አባቱ «ደሴ ነው» ብሎ ዝም ካለ ሌላ አይጠየቅም። አሳምነውም አልጠየቀም። የሚቀጥለውን ስም ጠራ። ልጅቷ አባቷ ሰው ገድሎ እንደታሰረ ታውቃለች፤ የሟቹ ወንድም ፊቷ እንደቆመ ግን አታውቅም ነበር። ተማሪ የመምህሩን አባት ስም መች ይይዛል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሀይማኖትን ደብተር ከእጇ ተቀብሎ አያውቅም። «መስኮቱ ላይ አስቀምጪው» ይላታል። ስታስቀምጥ ይጠብቃል፣ ስትመለስ ሄዶ ያነሣዋል፣ አርሞ እዚያው ይመልሰዋል። እርማቱን ግን አላጎደለባትም፤ እንዲያውም ከሌላው የበለጠ በቀይ ይጽፍላት ነበር ትላለች የወንበር ጓደኛዋ የትምወርቅ። የሚያጎድልባት አርጩሜውን ነበር። ክፍሉ ሙሉ መዳፉን ሲያሻሽ እሷ ብቻ ምንም አትሆንም።

የትምወርቅ አላስቻላትም።

«አንቺ፣ ምን አስነክተሽው ነው?»

«ምንም።»

«ሙሽሪት፣ ሂናሽ እንዳይለቅ ብሎ ይሆናል።»

ሀይማኖት ይህ ነገር አንገበገባት። አንድ ቀን ሰባትም ስምንትም ኤንድ ያለበት አንቀጽ ጽፋ፣ ከሁሉም ኋላ ሰረዝ ጥላ መጣች፤ ሆን ብላ ነው ይላሉ። ተራዋ ሲደርስ ደብተሯን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም። መዳፏን ዘርግታ ፊቱ ቆመች።

«ቲቸር፣ እኔንም ይምቱኝ።»

«ቁጭ በይ።»

«ተሳስቻለሁ እኮ። እነሱን በአንድ ይመቷቸው የለም?»

«ቁጭ በይ አልኩሽ።»

«እኔ ሰው አይደለሁም?»

ወደ ሰሌዳው ዞረ። ከኋላ አንዱ «ሙሽራዋን እንዴት ይምታ» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አሳምነው ዞሮ ያን ልጅ ትከሻውና ጀርባው እስኪሰነበር ገረፈው። አርጩሜው ተሰብሮ ነው የቆመው። ያ ቀን ወሬውን ማኅተም መታበት፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ የአቀስታዋን ልጅ ለራሱ አጭቷታል ተባለ።

በዚያው ሰሞን ባህሩ ሊፈታ ነው የሚል ተሰማ። እማማ ይርገዱ በገበያ ቀን ተነሥተው መጡ። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ አከራዩ አሚራ ናት፤ ግድግዳው ከጣውላ ነው፣ ሁሉም ይሰማል። አሮጊቷ እጀ ጠባቡን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው አልጋው ላይ ፈቱት። ውስጡ ሽጉጥ ነበር። የእርሻውን በሬ ሸጠው ነው የገዙት።

«ባህሩ ሊወጣ ነው» አሉት። «ያንተ ቀይ ቀለም ወንድምህን አያነሣውም።»

«እማ፣ ልጅቷ እኔ ክፍል ናት።»

«የማን ልጅ?»

«የባህሩ።»

አሚራ አሮጊቷ የወጡ መስሏት ነበር። ከዚያ፣

«እግዜር እቤትህ ድረስ አምጥቶ ሲሰጥህ ምን ትጠብቃለህ ታዲያ?» አሉት።

«ልጅ ናት እማ። ሴት ልጅ።»

«እኔስ ሴት አይደለሁ? እኔን ማን ማረኝ?»

ሽጉጡን ትተውለት፣ እጀ ጠባቡን ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ቦርሳውን መስኮቴ ላይ ሲያስቀምጥ ከወረቀት የማይወጣ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። በዚያ ጊዜ መሣሪያ ያልያዘ ሰው ማግኘት ይከብዳልና ብዙም አልገረመኝም።

ባህሩ ተፈታ። ከአቀስታ በኩል በመጣ ሚኒባስ ወርዶ እህቱ ቤት ገባ። ከመንደሩ አልሄደም፤ እዚያ ባለደሞቹ አሉ። ከተማ ውስጥ ግን ማንም አያውቀኝም ብሎ አሰበ፤ እህቱም የሚሊዮን ወንድም እዚሁ እንደሚያስተምር አታውቅም ነበር። የእህቱ ጎረቤቶች ሊጠይቁት ሲመጡ፣ በጨዋታ መሐል አንዱ ወሬውን ጣል አደረገለት። «ልጅህን እንግሊዝኛ አስተማሪው ወዷታል አሉ። ሌላውን እንደ አህያ እየወገረ እሷን አይነካትም። ደብተሯን እንኳ ከእጇ መቀበል ያፍራል።»

ይህን የሰማ የሌላ አገር ሰው ነገሩ ግራ ይገባው ይሆናል። ባህሩ ግን ደም ያለበት የእኛው አገር ሰው ነው። የማይመታ፣ ከእጅ የማይቀበል ሰው ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበት እሱ ነው። ፍቅር መሰለው። የመምህሩን ስም እንኳ አልጠየቀም። በማግስቱ ሽመሉን ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ። ለዘበኛው «ለልጄ ክፍያ ጉዳይ ነው» ብሎ አለፈ።

አሳምነው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ሰሌዳው ላይ ይጽፍ ነበር። ባህሩ ገባና ቃል ሳይናገር ማጅራቱ ላይ አሳረፈበት። ጠመኔው ተሰበረ። ሁለተኛው ትከሻው ላይ ሲያርፍ አጥንት ሲሰነጠቅ ከኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። አሳምነው በጉልበቱ ወደቀ።

«ልጄን ለሚስትነት ያየሃት አንተ ነህ?»

አሳምነው በጉልበቱ እንዳለ ዞረ። ደሙ ከጆሮው ሥር በአንገትጌው ይወርዳል፤ ነጭ ጋዋኑ ቀልቷል። ሚሊዮንን ቁርጥ ነው ይላሉ የሚያውቁት፤ በዚያ ላይ አንገቱ እንደዚያ ደምቶ። ባህሩ ሽመሉን እንዳነሣ ቀረ።

«የአባተ ልጅ» አለ። «አንተ ነህ እንዴ? አላወቅሁም ወንድሜ። በልጄ ይሁንብኝ አላወቅሁም።»

አሳምነው ቦርሳውን ከጠረጴዛው ሥር ስቦ ዘረገፈው። ያላረማቸው ወረቀቶች መሬት ላይ ተበተኑ፤ ሽጉጡን ከመሐላቸው አነሣና የባህሩ ደረት ላይ ደገነው። ልጆች ወንበር ሥር ገቡ፤ አንዳንዱም በመስኮት ዘለለ። ባህሩ አልሸሸም። በሩ ከኋላው ክፍት ነበር፤ አልዞረም።

ሀይማኖት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። በወንበሮቹ ላይ ተረማምዳ መጥታ የሽጉጡን አፍ በቀኝ እጇ ጨበጠችው። በዚያው ቅጽበት ተኮሰ።

ጥይቱ በመዳፏ አልፎ የበሩን መቃን መታ። ሌባ ጣቷና የመሐል ጣቷ በቆዳ ተንጠልጥለው ቀሩ። የትምወርቅ ፊት ላይ ደም ተረጨ። ሀይማኖት እጇን እያየች «ቲቸር» አለች።

አሳምነው ሽጉጡን ጣለው። ጋዋኑን ከላዩ ገፎ ቀደደና እጇን ያዘ፤ ያን ሁሉ ወር ያልነካውን እጅ። ማሰር ጀመረ። ባህሩ የልጁን ደም ሲያይ ከድንጋጤው ነቃ፤ ሽመሉን አንሥቶ የአሳምነውን ጀርባ ይወቅረው ጀመር። ጎኑን መታው፣ ወገቡን መታው፣ ሁለት የጎን አጥንቱን ሰበረ። አሳምነው በእያንዳንዱ ምት ያቃስታል፤ ማሰሩን ግን አላቋረጠም። አጥብቆ ቋጥሮ ከጨረሰ በኋላ ነው የተዘረረው። ዘበኛውና መምህራኑ ባህሩን ሲይዙት ሽመሉ ተሰብሮ በግማሹ እየመታ ነበር።

ልጅቷን በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዷት፤ ጣቶቿን ቆረጧቸው። ሁለቱን ወንዶች ፖሊስ ወሰደ። በዚያ ሳምንት መካነ ሰላም መተንፈስ አቃታት። የሁለቱ ወገን ወጣቶች ተራ በተራ ከገጠር ገቡ። አንድ ጠዋት የአሚራ በር በጥይት ተበሳስቶ ተገኘ። የባህሩ እህት ሱቅ ተቃጠለ። እንግዲህ ከሁለቱ ቤት ስንት ሰው ይቀራል እያልን ስንጠባበቅ ሼህ ኑርዬ ተነሡ።

ሼህ ኑርዬ ከአባታቸው የወረሱ አበጋር ናቸው። ሁለቱም ቤት ክርስቲያን ቢሆን ማንም እሳቸውን እምቢ አይልም። ቄሶቹን ይዘው ወርደው፣ ከወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ሁለቱን ወገን ወዲህና ወዲያ አስቀመጡ። ፖሊሶች እስረኞቹን ይዘው መጡ። እኔም ከኋላ ቆሜ ነበር። እማማ ይርገዱ እጀ ጠባቡን ዘረጉ።

«ሁለት ጣት ለአንድ ነፍስ?» አሉ። «ይኼ ነው ዳኝነታችሁ?»

«እትዬ ይርገዱ» አሉ ሼሁ፣ «እኛ ጣት አንቆጥርም። ደም ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ ቤትም ደም ወጣ። ደም ከደም ተገናኝቷል። ከዚህ በላይ ከሻቱ እኛም ዱአችንን ይዘን እንነሣለን፤ እርስዎም የቀረውን አንድ ልጅ ይዘው ይግቡ። ለስንት ቀን እንደሆነ እኔ አላውቅም።»

ከባህሩ ወገን አንድ ጎልማሳ ተነሣ። «እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቃታውን ስቦት ነው፣ ወይስ ሳይስበው ነው? አስቦ ከተኮሰ እኮ የባረቀበት ሰው አይደለም፤ ሊገድለን የተነሣ ሰው ነው። ደሙ አለ ማለት ነው።»

ዋርካው ሥር ያለ ሰው ሁሉ አሳምነውን አየ። ነገሩ ሁሉ እዚያች መልስ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር እኔም አሁን ነው የገባኝ። አሳምነው አንገቱን ዘንበል አድርጎ መሬት ያያል። ሼህ ኑርዬ ግን እሱን አልጠየቁትም።

«አብሽር፣ ተቀመጥ» አሉት ጎልማሳውን። «የተመታችው ትናገር።»

ሀይማኖት ተነሣች። እጇ እንደተጠቀለለ ነው።

«እኔ ነኝ ያስተኮስኩት» አለች። «ስይዘው ነው የተኮሰው።»

«በቃ» አሉ ሼሁ። ሌላ ሰው አፉን ሳይከፍት በጉ ታረደ። እጀ ጠባቡን ጉድጓድ አስቆፍረው አስቀበሩት፤ እማማ ይርገዱ እስከ መጨረሻው ጫፉን አልለቀቁም ነበር። ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበል መጣ። የገዳይ ቤት ልጅ ለሟች እናት ጨው ትሰጣለች። ሀይማኖት ቀኟ ታስሯል፤ በግራ መስጠት ደግሞ ነውር ነው። የታሰረውን ቀኟን ከግራ ክንዷ ሥር ደግፋ በግራዋ ዘረጋች። አሮጊቷ ያቺን ግራ እጅ ሲያዩ፣ ሲያዩ ቆዩ። ተቀበሉ። ግን አልቀመሱትም፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩትና ዞረው ሄዱ።

ፍርድ ቤቱ እርቁን አይቶ ቅጣቱን አቀለለ። ባህሩ ጥቂት ታስሮ ወጣ፤ አሁን አቀስታ ነው። አሳምነው ሲወጣ የመንግሥት ሥራው ጠበቀው ማለት አይቻልም። አሚራ ጓሮ አንድ ክፍል ተከራይቶ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል። ወላጆች መጀመሪያ ፈርተው ነበር፤ ፈተና ሲቃረብ መጡ። አርጩሜም ይዟል። ሀይማኖትም እዚያ ትማራለች። በግራ እጇ ነው የምትጽፈው፤ ሰረዟ ጭራዋ ረዝሞ መስመር ታልፋለች።

አንድ ነገር የነገረችኝ የትምወርቅ ናት፤ ክፉ ነገር መስሏት ነው የነገረችኝ። በመጀመሪያው ቀን ሀይማኖት ደብተሯን ይዛ ሄዳ፣ መስኮት ፍለጋ ዞር ዞር አለች። አሳምነው እጁን ዘረጋ፤ ከእጇ ተቀበላት። አየው። ከኤንድ ኋላ የተጣለች አንድ ሰረዝ አገኘ። ልጅቷ ሳትጠየቅ ግራ መዳፏን ዘረጋች። አርጩሜውን አነሣና መታት፤ እንደማንኛውም ተማሪ፣ ቀስ ብሎ አልነበረም። እሷ መዳፏን ጭኗ ላይ እያሻሸች ሄዳ ተቀመጠች። የትምወርቅ «አይዘገንንም?» አለችኝ። ይዘገንናል። ግን ያን እለት ማታ እማማ ይርገዱ ሰምተው፣ ከነጠላቸው የቋጠሩትን ጨው ወጥ ውስጥ ጨመሩት ይባላል።

ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ስል አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ። ባለፈው ሳምንት መልመጃ ሊያስጽፍ መጣ። ያተምኩትን መስኮቱ ላይ ዘርግቶ ያነባል፤ የኤንድን ማዶና ማዶ በመዳፉ እየሸፈነ። ጎኑ ስላልዳነ ተደግፎ ነው የሚቆመው። ሽማግሌዎቹ ትተውት የሄዱትን መንካት እንደሌለብኝ አውቃለሁ። ግን አፌ ቀደመኝ።

«መምህር» አልኩት፣ «ዋርካው ሥር ሀይማኖት ያለችው... እንደዚያ ነው? ስትይዘው ነው የተኮሰው፣ ወይስ ቀድመህ ስበኸው ነበር?»

መዳፉ ወረቀቱ ላይ ቆመ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየኝ። መንገዱ ላይ ለአጅባር ተሳፋሪ የሚጠራ ረዳት ይጮሃል።

«ሁለተኛዋ ገጽ ደብዝዛለች» አለኝ። «ድገምልኝ።»